ካርዱ ላይ «ሳል» ይላል

ማክሰኞ ነው፣ ጧት ነው፤ በረንዳው ሞልቷል፤
ካርዱ ላይ «ሳል» ይላል።
ውባንቺ ከአዘዞ በታክሲ፣ ከፒያሳ በባጃጅ ተሳፍራ፣
ለጳጉሜን ሦስት ዓመት የሚሞላው ልጇን ይዛ መጣች፤ ስሙ አዝመራ።
ደረቱን አዳመጥኩ፤ ሳንባው ንጹሕ፣ ትንፋሹ ደህና።
ሳሉማ ሰበብ ነው፤
የእናት ጭንቀት በፊት በር አይገባምና።

«ሌላስ?» አልኳት።
ነጠላዋን አጠፈች፣ መልሳ ዘረጋች።
«ሲጠሩት አይሰማም» አለች።
«አማቴ ቡዳ ነው ትላለች፣ ጎረቤት ቴሌቪዥን ነው ይላል፤
ጠበል ወሰድኩት፣ ውሃው ሲነካው እንደ ተቃጠለ ይጮኻል።
አባቱ ደግሞ፣ እኔም አፌን የፈታሁት በአራት ዓመቴ ነው፣ ይለኛል።
እኔ ግን...»
ተወችው።
ከዚህች «እኔ ግን» ወዲያ ያለው ዝምታ
ከራጅ ይልቅ ያሳያል፤ ለሚያይ፣ ላልቸኮለ ለአንድ አፍታ።

ወንበሬን ትቼ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ፤
ነርሷ ፋንታነሽ ሳቀችብኝ፣ እኔም ሳቅኩ።
ከኋላው ሆኜ ጠራሁት፦ «አዝመራ!»
በመስኮቱ ብርሃን ፊት ጣቶቹን ያርገበግባል፤
ከብርሃኑ ጋር ጨዋታ ይዟል።
ደግሜ ጠራሁት። ምንም።
ፋንታነሽ ከኪሷ ብስኩት አወጣች፤ ወረቀቱ ኮሽ ሲል
ዞረ፤
ወደ እሷ አይደለም፣ ወደ ኮሽታው።
ጆሮውስ ይሰማል።
ስሙ ነው መንገድ ላይ የቀረው።

ከእናቱ ቦርሳ አሥራ አንድ ቆርኪ አወጣ፤
በመስመር ደረደረ፣ አንዱም ከአንዱ ሳይወጣ፣
እንደ ግንቡ ጥርስ በልክ በልኩ።
አንዱን ባጣምምበት አለቀሰ፣ አካሉን የነካሁ ያህል።
«ይቅርታ» ብዬ መለስኩ።
ከዚያ ፋንታነሽ ከጠጣችው ለስላሳ አሥራ ሁለተኛ ቆርኪ አመጣሁ፤
ርቀቱን ጠብቄ ከሰልፉ ጫፍ አኖርኩ፣ እጄን ሰበሰብኩ፣ ጠበቅሁ።
አየው። እጄን አየ፤ ፊቴን አላየም።
በጣቱ ጫፍ ትንሽ ገፋ አድርጎ አስተካከለልኝ።
ወግ ይሉታል ይህንን።

«ጣቱን ቀስሮ ያሳይሻል? ውሻ፣ ጨረቃ፣ አውሮፕላን?»
«ኧረ የለም። ሲፈልግ እጄን ይዞ ይጎትተኛል፣
እጀታው ላይ ያኖረዋል፤ እንደ ቁልፍ ይጠቀምብኛል።»
«ቁልፍ» ብዬ ጻፍኩ፣ ከቅጹ ኅዳግ ላይ፤
ለዚህ ቃል ሣጥን የለውምና።

ልነግራት ስል ሌላ ልጅ ትዝ አለኝ።
የዛሬ ስድስት ዓመት፣ ከሳሙና በር የመጣ፣ ቢራራ የሚባል።
በዚህ ጠረጴዛ፣ በዚህ ብዕር፣
«ወንድ ልጅ ይዘገያል፣ ጠብቁ፣ ይናገራል»
ብዬ ፈረምኩ። እጄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።
አሁን የአባቱን ስልክ እደውላለሁ፤ ጥሪ አይቀበልም።

«ኦቲዝም» አልኳት፤ ቃሉን በዝግታ፣ እንደ ሙሉ ብርጭቆ አስቀመጥኩ።
«ሽሮፑስ?»
«ሽሮፕ የለውም። እርግማንም አይደለም፤ ያረገዝሽበት ጥፋትም አይደለም።
ጆሮውን ለማጣራት ወዲያኛው ክፍል እልክሻለሁ፤
የንግግር ባለሙያዋ አንዲት ናት፣ ወረፋው ረጅም ነው፤ አልዋሽሽም።
እስከዚያ በቁመቱ ልክ ውረጂ፤
የደረደረውን አትበትኚበት፣ ተራ ግቢ፣ አንዷን አንቺ አኑሪ፤
ጠበሉንም ተዪ አልልሽም፣ ብቻ በእፍኝሽ፣ ከእግሩ ጀምሪ።»
አለቀሰች። ሳቀችም፤ «ከእግሩ?» አለች።
ለካስ ማንም ከእግሩ ጀምሮለት አያውቅም።

አዝመራ ተነሣ።
ወደ እኔ መጣ፤ ማለቴ ወደ እጄ መጣ፤
አመልካች ጣቴን ይዞ ጎተተኝ፣ እጀታው ላይ አኖረኝ።
ጨርሰናል ማለቱ ነው።
ከፈትኩለት።
በረንዳው እንደ ሞላ ነው፤
ቀጣዩ ካርድ «ትኩሳት» ይላል።